ኮሮላ ዲኤክስ፦ ያረጀ ብረት ወይስ ጥሪት?

ምርቱ ከቆመ ከ35 ዓመት በላይ የሆነው ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ በአዲስ አበባ ዛሬም የቤተሰብ አውቶሞቢል ነው። ባለንብረቶቹ ስለ መኪናው ሲጠየቁ የሚያስቀድሙት ምቾቱን ሳይሆን መለዋወጫውን ነው፤ ዕቃው ከሶማሌ ተራ አይጠፋም፣ የሰፈር መካኒክም ይፈታዋል።

ነዳጅ ላይ ግን ያማርራሉ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከተማ አየሩ ስስ በመሆኑ ሞተሩ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ካርቡራተሩ ለከፍታው ካልተስተካከለ ቤንዚን ያበዛል። ጥፋቱ ግን በሞተሩ ይሳበባል።

ዋናው ሙገሳ "አልከሰርኩበትም" የሚለው ነው። እዚህ ላይ ሒሳቡ መታየት አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። ዋጋውን ያናረው ይህ እንጂ የመኪናው ማማር አይደለም። ሸጦ ሌላ የሚገዛም የሚገዛው ከዚያው ከናረ ገበያ ነው። ትርፉ እጁ የሚገባው መኪና ጨርሶ ለሚተው ሰው ብቻ ሲሆን፣ ከዚያም ላይ ለጎማ፣ ለፍሬን ሸራና ለቦዲ ሥራ ያወጣው ይቀነሳል። ደረሰኝ የሚያስቀምጥ ባለቤት ግን እምብዛም ነው፤ ደላላውም አይጠይቅም።