እንቅልፍ በግድ አይመጣም

በዛሬው ዝግጅታችን እንቅልፍ ለራቃቸው ሰዎች ያለ ኪኒን የሚረዱ መንገዶችን እንመለከታለን።

በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ የሚገኘው ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ውርጫማ አገር ነው። ነዋሪው ብርዱን ከበግ ፀጉር በተሠራ ባና ይከላከላል። ነገር ግን የሚያሳጣው ብርድ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰሜን ሸዋ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ስጋት ያደረበት ሰው ባናው ቢሞቀውም ልቡ ዘብ ቆሞ ያድራል።

ምክንያቱ ምንድን ነው? ስንሰጋ ልባችን ይፈጥናል፣ ጡንቻችን ይወጠራል። እንቅልፍ ደግሞ የሚመጣው ሰውነት ሲላላ ነው። ስለዚህ «ልተኛ» ብሎ መታገል ይበልጥ ያነቃል። የሚከተሉትን እንሞክር፦

አንደኛ፣ ትንፋሽ። በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠርን እንሳብ፤ እስከ 6 እየቆጠርን በዝግታ እናስወጣ። አየር ስናስወጣ የልብ ምት ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ጡንቻን ማላላት። ከእግር ጀምረን እስከ ፊት ድረስ እያንዳንዱን ክፍል ለ5 ሰከንድ አጥብቀን እንልቀቅ። ይህን ዘዴ ያስተማረው አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ነው።

ሦስተኛ፣ የእጅ ሥራ። ከመኝታ በፊት ሱፍ መፍተል ወይም ሰፌድ መስፋት፣ እጅ አንዱን ነገር ስለሚደጋግም ሐሳብን ከጭንቀት ይመልሳል። ቅዠት የሚያስቸግረው ልጅ ደግሞ ቀን ላይ የፈራውን በሥዕል ይሣል፣ ይንገረን፤ አንቆጣው።

አራተኛ፣ የመኝታ ሡና። ውዱእ አድርጎ በቀኝ ጎን መተኛት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለፋጢማና ለዐሊይ (ረ.ዐ) ያስተማሩትን ዚክር ማለት፦ ሱብሓነላህ 33፣ አልሐምዱሊላህ 33፣ አላሁ አክበር 34። ይህ ዒባዳ ነው፤ በእርጋታ ሲባል ልብንም ያሳርፋል።

20 ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ተነስተን በደብዛዛ ብርሃን እንቀመጥ፤ ሲያንጎላጀን እንመለስ። ዘግይተን ብንተኛም በተለመደው ሰዓት ለሱብሒ እንነሳ። ቡና ከጠጣን ከ5 ሰዓት ገደማ በኋላም የካፌይኑ ግማሽ በሰውነታችን ይቀራል፤ ጫትም እንቅልፍ ይነሳል።

እንቅልፍ ማጣቱ በሳምንት 3 ሌሊትና ከዚያ በላይ እየሆነ 3 ወር ከዘለቀ፣ ሲያንኮራፉ ትንፋሽ የሚቋረጥ ከሆነ፣ ወይም ሕይወትን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳንዘገይ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ። የታዘዘ ኪኒንም ሐኪም ሳናማክር አናቁም። መታከም ተወኩልን አይቃረንም።

አላህ ለቤታችን ሰላምን፣ ለዓይናችን ዕረፍትን ይስጠን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ።