«ባሪያ» የሚለው ቃልና የጥቁሮች ነገረ መለኮት፦ ከይፋግ ገበያ የሚነሣ ጥያቄ

የጥቁሮች ነገረ መለኮት በሚጠናበት ሁሉ የኢትዮጵያ ስም በክብር ይነሣል። በኒውዮርክ በቀለም የተለየ መቀመጫን የተቃወሙ ምእመናን እ.ኤ.አ. በ1808 የመሠረቱት ቤተ ክርስቲያን «አቢሲኒያን» ተባለ። ማንጌና ሞኮኔም እ.ኤ.አ. በ1892 በፕሪቶሪያ ከነጭ ሚሲዮናውያን አስተዳደር ተለይቶ ያቋቋመውን «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» አለው፤ መነሻው በግእዙ ቁጥር መዝሙር 67፥31 ነው። ለእነዚህ ምእመናን ኢትዮጵያ በእግዚአብሔር ፊት ቀና ብሎ የቆመ ጥቁር ሰው ምሳሌ ነበረች።

በእኛ አገር ግን ያው መጽሐፍ ቅዱስ ከባርነት ጋር ለዘመናት አብሮ ኖሯል። ከደቡብ ምዕራብ የተማረኩ ሰዎች በጎጃም ባሶ በኩል ወደ ጎንደርና መተማ ይነዱ ነበር፤ ከጣና በስተምሥራቅ ያለው ይፋግም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚያ የነጋዴ መረብ ውስጥ ዕውቅ ገበያ ነበር። በደብረ ታቦር የተቀመጡት ዐፄ ቴዎድሮስ የባሪያ ንግድን ቢከለክሉም ልማዱ አልቆመም። ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ለዚህ ሁሉ ሥነ ምግባራዊ መሠረት የሆነው ፍትሐ ነገሥት ነው። መጽሐፉ ሰው ሁሉ በተፈጥሮ ሕግ ነጻ መሆኑን ይቀበላል፤ ወዲያው ግን በጦርነት የተሸነፈው ለአሸናፊው ባሪያ እንደሚሆን ያትታል። ባሪያን ነጻ ማውጣትንም እንደ መልካም ምጽዋት ያወድሳል። ችግሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል፦ ነጻነት የጌታው ቸርነት እንጂ የተበዳዩ መብት አልሆነም። ጄምስ ኮን እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ የተቃወመው ከዚህ የሚቀራረብ አስተሳሰብን ነው። በእርሱ ሙግት እግዚአብሔር በጨቋኝና በተጨቋኝ መካከል ገለልተኛ አይደለም፤ የተጨቆነው ወገን ነው።

«የእኛ ባርነት በቀለም ላይ የቆመ አልነበረም» የሚል መልስ ይሰጣል። በከፊል እውነት ነው፤ የአሜሪካው ዓይነት የነጭና የጥቁር ድንበር አልነበረም። ይሁን እንጂ ቋንቋው ይመሰክራል፦ «ቀይ» ለውበት ሲነገር፣ «ባሪያ» ዛሬም መልኩ የጠቆረ ሰው የሚሰደብበት ቃል ነው። በክርስትና ስማችን «ገብረ» ስንባል፣ ማለትም አገልጋይና ባሪያ ስንባል፣ እንከብራለን፤ ያው ትርጉም በአማርኛ ሲነገር ግን ሰው ይዋረድበታል።

በፊልጵስዩስ 2፥7 የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ክርስቶስ የያዘውን መልክ የሚገልጸው በዚሁ «ባሪያ» በሚለው ቃል ነው። ስብከታችን ጥቅሱን ስለ ትሕትና ሲያነሣው እንሰማለን። ከይፋግ ገበያ አንጻር ሲነበብ ግን ክርስቶስ የቆመው ከሚሸጡት መካከል እንጂ ከሚገዙት መካከል አይደለም።