በፀሐይ ሙቀት ለሚሠራ የውሃ ማሞቂያ የሚሆነውን ትንሽ ፓምፕ ስለ መምረጥ

የወተት ዕቃ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ቢታጠብ ቅባቱ ፈጽሞ አይለቅም፤ በማግሥቱ የሚጨመርበትም ወተት ፈጥኖ ይኮመጥጣል። ስለዚህ ወተት በሚሰበሰብበት ስፍራ ሁሉ ሙቅ ውሃ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ማገዶ ከመፍጀት ይልቅ በፀሐይ ሙቀት መጠቀም የተሻለ ነው። ነገር ግን መሣሪያው ሲገዛ በቀላሉ ሊሳሳቱበት የሚቻለው ነገር ውሃውን የሚያዞረው ትንሽ ፓምፕ ነው፤ ይህ ፓምፕ እንደ ጕድጓድ ፓምፕ በጕልበቱ ብዛት የሚመረጥ ይመስላልና።

አስቀድሞ ፓምፕ ያስፈልግ እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ማጠራቀሚያው ሙቀት ከሚቀበለው ሰሌዳ በላይ የተቀመጠ እንደ ሆነ፥ የሞቀው ውሃ ቀሎ ይወጣል፥ የቀዘቀዘው ከብዶ ይወርዳል፤ እንዲህም እየሆነ ያለ አንዳች ሞተር ይዞራል። በየጣሪያው ላይ ከሰሌዳው ራስጌ ተጋድሞ የሚታየው ታንከር የሚሠራው በዚሁ ነው። ለዚህ ዐይነት ፓምፕ መግዛት የመንግሥትን ገንዘብ በከንቱ ማውጣት ነው። ፓምፕ የሚያስፈልገው ጣሪያው ክብደቱን የማይችል ሆኖ ማጠራቀሚያው ከሰሌዳው በታች ሲቀመጥ ነው።

ቧንቧው ሁሉ ውሃ የሞላበትና ዙሪያው የተዘጋ ከሆነ፥ ፓምፑ ውሃውን ወደ ጣሪያ የሚያነሣ አይደለም። የሚወጣውና የሚወርደው ውሃ እንደ ሚዛን ሁለት ወገን እርስ በርሱ ይመዛዘናል፤ ፓምፑ የሚያሸንፈው ውሃው ከቧንቧው ጋራ የሚፋተገውን ብቻ ነው። ስለዚህ የሚቈጠረው የቧንቧው ርዝመት፥ ስፋቱና የመታጠፊያው ብዛት ነው እንጂ የቤቱ ከፍታ አይደለም። ሌሊት ውሃው ከሰሌዳው ወርዶ የሚያድርበት ዐይነት ግን ከዚህ ይለያል፤ ባዶውን ቧንቧ በየማለዳው እስከ ሰሌዳው ጫፍ ድረስ የሚሞላ ፓምፕ ይፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ፥ የሰሌዳው ስፋት 4 ካሬ ሜትር ቢሆን፥ ለ1 ካሬ ሜትር በደቂቃ 1 ሊትር ገደማ ስለሚበቃ፥ በደቂቃ 4 ሊትር ይሆናል። ቧንቧው ውስጡ 15 ሚሊ ሜትር፥ ደርሶ መልሱ 30 ሜትር ቢሆን፥ ፍትጊያው ከሰሌዳውና ከመታጠፊያው ጋራ ከ1 ሜትር የውሃ ግፊት ብዙ አይበልጥም። ይህን ከ10 እስከ 20 ዋት የሚፈጅ ፓምፕ ይፈጽመዋል። በግዢው ደብዳቤም ላይ መጻፍ የሚገባው «በ1 ሜትር ግፊት በደቂቃ 4 ሊትር» ተብሎ ነው፤ በሣጥኑ ላይ የታተመው ከፍተኛ ፍሰትና ከፍተኛ ግፊት በአንድ ጊዜ የማይገኙ ናቸውና። ነጋዴ ትልቁን መሸጥ ይወዳል፤ ነገር ግን ፍሰቱ እጥፍ ሲሆን ፍትጊያው አራት እጥፍ ያህል፥ የሚፈጀውም ኀይል ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። ከዚህም በላይ ብርቱ ፓምፕ ከላይ ያለውን ሙቅ ውሃ ከታች ካለው ቀዝቃዛ ጋራ ያማስለዋል።

የሚዞረው ውሃ ራሱ ለመታጠቢያ የሚቀዳ ከሆነ፥ ሁልጊዜ አዲስ አየር ይዞ ስለሚገባ ተራውን ብረት ያዝገዋል፤ ስለዚህ የፓምፑ አካል ነሐስ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን። የሚተከለውም ከማጠራቀሚያው ግርጌ ወደ ሰሌዳው በሚሄደው በቀዝቃዛው ቧንቧ ላይ ነው። ይህ በደጋ አገር ይልቁን ይጠበቃል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለ ሆነ፥ በሙቁ ወገን የተተከለ ፓምፕ እንፋሎት ሊስብና ሊበላሽ ይችላል።

የመብራት መስመር በሌለበት ስፍራ በራሱ የፀሐይ ኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚሠራው ፓምፕ ይመረጣል፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፥ ስትጠልቅ ያርፋል። መስመር ባለበት ግን ሰሌዳው ከማጠራቀሚያው 8 ዲግሪ ያህል ሲበልጥ የሚያስነሣ፥ ልዩነቱ ወደ 3 ሲወርድ የሚያቆም መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል።

ከፓምፑ ጋራ ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ አብሮ ይገዛ። ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሳይገባ የቀረ እንደ ሆነ ግን ቀን የሞቀው ውሃ ሌሊት በራሱ ወደ ሰሌዳው እየወጣ ይቀዘቅዛል፤ ዕቃ አጣቢዎቹም ጠዋት የሚያገኙት ለብ ያለ ውሃ ነው።