ማሞግራፊ፦ ጨረሩ እንዲቀንስ፣ ምስሉ ግን እንዳይደበዝዝ

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚያጠቁ የካንሰር ዓይነቶች የጡት ካንሰር ቀዳሚው ነው። በሽታው በእጅ ተዳስሶ ከመታወቁ በፊት ለማየት ከሚያስችሉ መሣሪያዎች ዋነኛው ማሞግራፊ፣ ማለትም ለጡት ብቻ የተሠራ የራጅ መሣሪያ ነው። ራጅ ግን ጨረር ነው፤ ጨረር ሲበዛ ደግሞ ራሱ ለካንሰር ሊያጋልጥ ይችላል። ካንሰርን ፍለጋ ሄዶ ካንሰርን ይዞ መመለስ ይኖር ይኾን የሚለው ሥጋት የሚመነጨው ከዚህ ነው። ሥጋቱ የአላዋቂ ፍርሃት አይደለም፤ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ሐኪሞችን ሳይቀር አከራክሯል።

ችግሩ የሚጀምረው ከጡት ተፈጥሮ ነው። አጥንት በራጅ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። በጡት ውስጥ የሚገኙት ስብ፣ የወተት ዕጢ እና የካንሰር እብጠት ግን ጨረርን የሚያስቀሩበት መጠን ተቀራራቢ ነው። እነርሱን ለመለየት ጉልበቱ ዝቅ ያለ ጨረር ያስፈልጋል፤ እንዲህ ያለው ጨረር ደግሞ አብዛኛው ሰውነት ውስጥ ይቀራል። መጠኑ ያለቅጥ ከተቀነሰም ምስሉ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። የመጀመሪያ ደረጃ ካንሰርን ሊጠቁሙ የሚችሉት፣ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሱ የካልሲየም ነጠብጣቦች በዚያ መሐል ይሰወራሉ። ያን ጊዜ ሴትየዋ ጨረሩን ወስዳለች፤ በሽታዋ ግን አልታየም።

መፍትሔው ጨረሩን በደፈናው መቀነስ ሳይኾን፣ ለምስሉ የማይጠቅመውን መለየት ነው። በጨረሩ መንገድ ላይ የሚቀመጥ ስስ የብረት ቅጠል እንደ ወንፊት ያገለግላል፤ ቆዳ ላይ ከመቅረት ያለፈ ፋይዳ የሌለውን ደካማ ጨረር አስቀድሞ ያስቀራል።

ብዙ ሴቶች የሚያማርሩበት የጡት መጫንም ለዚሁ ዓላማ የሚደረግ ነው። አራት እጥፍ የታጠፈ ጋቢ ላይ ያለን ቀዳዳ ለማየት ብርቱ ብርሃን ያሻል፤ ጋቢው ሲዘረጋ ግን ጥቂት ብርሃን ይበቃል። ጡትም በሁለት ሰሌዳዎች መካከል ተጭኖ ሲሳሳ በትንሽ ጨረር ጥርት ያለ ምስል ይገኛል፤ ተደራርቦ የተሸፈነውም ይገለጣል። የጥቂት ሰከንዶች ሕመም የጨረሩን መጠን ይቀንሳል ማለት ነው።

ፊልምን የተካው ዲጂታል መሣሪያም ለውጥ አምጥቷል። እ.ኤ.አ በ2005 ውጤቱ ይፋ በኾነውና 49 ሺህ ያህል ሴቶች በተሳተፉበት የሰሜን አሜሪካ ጥናት፣ ለአንድ ምስል በፊልም በአማካይ 2 ነጥብ 37 ሚሊግሬይ ጨረር ሲያስፈልግ በዲጂታል 1 ነጥብ 86 በቅቷል። ቅናሹ 22 በመቶ ነው።

አሜሪካ እ.ኤ.አ በ1992 ያወጣችው የማሞግራፊ ጥራት ሕግ ሁለቱን ጉዳዮች አንድ ላይ አስሯል። ሕጉን ተከትሎ በወጣው ደንብ መሠረት ጡትን በሚመስል የፕላስቲክ መፈተሻ ላይ ጨረሩ ለአንድ ምስል ከ3 ሚሊግሬይ መብለጥ የለበትም። በፊልም መሣሪያዎች ደግሞ በመፈተሻው ውስጥ ከተቀበሩት ምልክቶች ቢያንስ አራት ክሮች፣ ሦስት የነጠብጣብ ስብስቦች እና ሦስት እብጠት መሰል ነገሮች እንዲታዩ ግዴታ ነበር። ጨረር ቆጥቦ ነጠብጣቡን ያላሳየ መሣሪያ ፈተናውን ወድቋል።

ዛሬ በዘመናዊ መሣሪያ የሁለቱም ጡቶች መደበኛ ምርመራ 0 ነጥብ 4 ሚሊሲቨርት ገደማ ነው። ሰው ከአፈር፣ ከአለት፣ ከምግብ እና ከሕዋ በተፈጥሮ የሚያገኘው ጨረር በዓለም አማካይ በዓመት 2 ነጥብ 4 ሚሊሲቨርት በመኾኑ፣ ምርመራው የሁለት ወር ያህል ድርሻ ይኾናል።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ምስሉ በአንድ ጊዜ ሲሳካ ነው። የተበላሸ ምስል ሲደገም ጨረሩም ይደገማል። ተመርማሪዋ በዕለቱ ብብቷንና ጡቷን ዱቄት፣ ቅባት ወይም የላብ ማጥፊያ ባትቀባ ይመረጣል፤ ቅሪታቸው በምስሉ ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ ሊመስል ይችላል። ነፍሰ ጡር ከኾነች ወይም ከጠረጠረች አስቀድማ መናገር፣ የቀድሞ ምስል ካላትም ይዛ መሄድ ይኖርባታል። ጡታቸው ላይ እብጠት ያገኙ ወጣት ሴቶች ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚላኩት ጨረር ወደሌለው አልትራሳውንድ ነው።