እሳቱ የት ቀረ? የጀልባ ሞተርና ኤሌክትሪኩ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የባጃጅ ጥገና ቤት ደጃፍ ቆሞ ለሚያይ ሰው ይህ ሥራ አዲስ አይደለም። ባጃጁ አልነሣ ብሎ እየተገፋ መጥቷል። መካኒኩ ከሁሉ አስቀድሞ ካንዴላውን ይፈታል። ጫፉን ወደ ብርሃን አዙሮ ያየዋል፣ በጣቱ ይዳብሰዋል፣ ያሸተዋል። ከዚያ የሽቦውን ኮፍያ መልሶ ይገጥምለትና የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ አካል ጋር አስነክቶ ረዳቱን፣ “በል አስነሣው” ይለዋል። በካንዴላው ጫፍ ላይ ሰማያዊ ብልጭታ “ጠቅ፣ ጠቅ” እያለ ከዘለለ፣ “እሳት አለው” ብሎ ፊቱን ወደ ካርቡራቶሩ ያዞራል። ብልጭታው ከሌለ፣ “እሳት የለውም” ይልና ሽቦ ሽቦውን እየተከተለ ፍለጋውን ይጀምራል።

ከዚያ ተነሥቶ ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ባሕር ዳር የደረሰ መንገደኛ፣ ይኸው ሥራ በጣና ዳር በሌላ ማሽን ላይ ሲሠራ ያገኘዋል። በጀልባ ጭራ ላይ ተንጠልጥሎ ፕሮፔለር የሚያዞረው ሞተር እሳቱን የሚያመነጨው ባጃጁ በሚያመነጭበት መንገድ ነው። ባጃጅ መንገድ ላይ ቢቆም ተሳፋሪው ወርዶ በእግሩ ይሄዳል። ጀልባ ከዘጌ ወደ ደቅ ደሴት ሲያቋርጥ ሞተሩ ቢጠፋ ግን፣ ሰውም ጭነትም ነፋሱ ወደ ወሰደው ነው። ስለዚህ የጀልባ ሞተርን ኤሌክትሪክ ማወቅ በሐይቁ ዳር ለሚኖር ሰው የሕይወት ጉዳይ ነው።

አውትቦርድ የሚባለው ይህ ሞተር አሠራሩ ቀላል ነው። ሞተሩ ከላይ በሽፋን ውስጥ ተቀምጧል። ከእርሱ ሥር አንድ ረጅም ዘንግ ወደ ውሃው ይወርድና በማርሽ አማካይነት ፕሮፔለሩን ያዞራል። ጀልባው የሚታጠፈው መላው ሞተር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲዞር ነው። ኖርዌይ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ኦሌ ኤቪንሩድ እ.ኤ.አ. በ1909 ሚልዋኪ ከተማ ላይ ለገበያ ካቀረበው ወዲህ የሞተሩ ቅርጽ ብዙም አልተለወጠም። የጃፓኑ ያማሃ የመጀመሪያ አውትቦርዱን የሠራው እ.ኤ.አ. በ1960 ሲሆን፣ ኢንዱሮ የሚባለው ጠንካራ ሞዴሉ በአፍሪካ ሐይቆችና ወንዞች ላይ በሰፊው ይታወቃል።

የጣና ጥንታዊ መጓጓዣ ከደንገል የሚሠራው ታንኳ ነው። ነገደ ወይጦዎች በእጃቸው አስረው የሚሠሩት ታንኳ በቀዘፋና በዘንግ ይሄዳል፤ ዓሣም፣ እንጨትም፣ ሰውም ሲያሻግር ኖሯል። ሞተር ያላቸው የዓሣ ጀልባዎች በሐይቁ ላይ የተስፋፉት እ.ኤ.አ. በ1986 ግብርና ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከሆላንድ በጎ አድራጊዎች ጋር በጀመሩት የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ነው። በባሕር ማዶ በሸራ ጀልባ ላይ ይህ ሞተር ረዳት ነው፤ ወደብ ሲገባና ነፋስ ሲጠፋ ብቻ ይነሣል፤ እንቢ ቢል ሸራው አለ። የጣና ባለጀልባ ሸራ የለውም። ያለው ሞተሩና ምናልባት አንድ መቅዘፊያ ነው።

ብልሽት ሲመጣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጀመሪያው ላይ ነው። በጀልባ ሞተር ውስጥ ያለው ኤሌክትሪክ ሁለት ነው። አንደኛው እሳት ይሰጣል። ሁለተኛው ባትሪውን፣ ሞተሩን የሚያስነሣውን ሞተሪኖና መብራቱን የያዘ ነው። በገመድ በሚነሡት ሁለት ምት ሞተሮች ላይ እሳት የሚሰጠው ክፍል ባትሪ አይፈልግም፤ ኤሌክትሪኩን ራሱ ያመነጫል። ስለዚህ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ዝም ካለ ሞተሩ ሞተ ማለት አይደለም፤ ገመዱ ተጎትቶ ሊነሣ ይችላል። በአንጻሩ ሞተሪኖው እየዞረ ሞተሩ ካልተነሣ፣ አዲስ ባትሪ መግዛት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ቤንዚን በኮምፒዩተር የሚረጩት አዳዲሶቹ ትልልቅ ሞተሮች ግን ባትሪው ከደከመ አይነሡም።

እሳቱ የሚወለደው ከሞተሩ አናት ላይ ነው። እዚያ ቮላኖ የሚባል ከባድ የብረት ክብ አለ፤ በውስጡ ዙሪያውን ማግኔት ተለጥፎበታል። ከሥሩ የመዳብ ሽቦ የተጠመጠመባቸው ኮይሎች ተቀምጠዋል። ገመዱ ሲጎተት ቮላኖው ይሽከረከራል፤ ማግኔቱ በኮይሉ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። አንደኛው ኮይል ከ100 ቮልት በላይ አመንጭቶ ሲዲአይ ወደሚባለው ጥቁር ሳጥን ይልካል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ይህን ኃይል አጠራቅሞ ይጠብቃል። ሌላ ትንሽ ኮይል፣ ፒስተኑ ጫፍ ሊደርስ ሲል ምልክት ይሰጣል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይለቀቅና የካንዴላው ኮይል ከ20,000 ቮልት በላይ አድርሶት፣ በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለችውን 1 ሚሊ ሜትር የምትጠጋ ክፍተት ያዘልለዋል። ሁለት ምት ሞተር በደቂቃ 5,000 ዙር ሲዞር ይህ ነገር በእያንዳንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 5,000 ጊዜ ይደጋገማል።

“እሳት የለውም” ከተባለ በኋላ ልምድ ያለው ሰው መጀመሪያ እጁን የሚሰደው ወደ ውዱ ሳጥን አይደለም። ቀይዋን ገመድ ያያል። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጁ ላይ የሚያስራት ይህች ገመድ፣ ጫፏ ላይ ያለችው ትንሽ የፕላስቲክ መያዣ ከቦታዋ ከተነቀለች እሳት አይኖርም። ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲጎትቱ ውለው ችግሩ ይህች መያዣ ሆና መገኘቷ በየሐይቁ የሚያጋጥም ነው። ቀጥሎ የማጥፊያው ሽቦ ይመጣል። በብዙዎቹ ሞተሮች ላይ ማጥፊያው የሚሠራው ሲዲአዩን ከሞተሩ አካል ጋር በማገናኘት ነው። ይህ ሽቦ በንዝረት ተፍቆ ልባሱ ከተገፈፈና ብረት ከነካ፣ ሞተሩ ማንም ሳይነካው እንደጠፋ ይቀራል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ የማጥፊያው ሽቦ ከሲዲአዩ ይነቀልና ይሞከራል። እሳቱ ከተመለሰ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የማጥፊያው ነው። እንዲህ ተነቅሎ የተነሣ ሞተር በማጥፊያው እንደማይጠፋ ማሰብ ያስፈልጋል፤ የሚጠፋው አየሩን በቾክ በመዝጋት ነው።

ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተር ለመርማሪው የተመቸ ነው። አንደኛው ሲሊንደር እሳት ካጣ፣ የካንዴላ ኮይሎቹ ተለያይተው የሚፈቱ ከሆነ ቦታቸው ይቀያየራል። ብልሽቱ ከኮይሉ ጋር ተከትሎ ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ ኮይሉ ተበላሽቷል። በነበረበት ከቀረ ኮይሉ ነጻ ነው፤ ፍለጋው ወደ ሽቦውና ወደ ሲዲአዩ ይመለሳል። ለዚህ ምርመራ ካቻቢቴና ቁልፍ ይበቃሉ። ቴስተር ካለ ደግሞ የእያንዳንዱ ኮይል መጠን በሞተሩ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸራል። ሲዲአዩ የሚጠረጠረው ሌላው ሁሉ ነጻ ከወጣ በኋላ ነው።

ጎጃም ላይ ግን አንድ ተጨማሪ ተጠርጣሪ አለ፤ ከፍታው ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የጀልባ ሞተር ካርቡራቶር ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ የተስተካከለው ለባሕር ወለል ነው። ሞተሩ የሚስበው አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ግን ያንኑ ያህል ስለሚገባ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይጋገራል። ጥላሸት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ 20,000 ቮልቱ ክፍተቷን ከመዝለል ይልቅ በጥላሸቱ ላይ ሾልኮ ወደ ብረቱ ይፈስሳል። ባለጀልባው የሚያየው ሞተሩ ሲንተፋተፍና አልነሣ ሲል ነው። ኮይል ቢለወጥም፣ ሲዲአይ ቢገዛም አዲሱ ካንዴላ ከጥቂት ቀን በኋላ መልሶ ይጠቁራል። መድኃኒቱ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለውን ቤንዚን የሚያሳልፈውን የናስ ቀዳዳ፣ ማለትም ጄቱን፣ ባነሰ ቁጥር መለወጥና ዘይቱን በልኩ መቀላቀል ነው። በብዙ ሁለት ምት ሞተሮች ላይ ልኩ ለ50 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ነው። “ትንሽ ይጨመርለት” ተብሎ የሚበዛው ዘይት ሞተሩን አይጠቅመውም፤ ካንዴላውን ያጠቁራል። ከጣና ይበልጥ ከፍ ባለው በደብረ ማርቆስ የሚሠራ መካኒክ ጥቁር ካንዴላ ለምን እንደሚበዛበት ከዚህ ይገባዋል።

ስለዚህ ካንዴላው ራሱ ምስክር ነው። ቀለሙ ወተት የበዛበት ሻይ ከመሰለ ሞተሩ ጤነኛ ነው። ደረቅ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል። በቤንዚን ከራሰ እሳት አልደረሰውም ወይም ቤንዚን አጥለቅልቆታል። ደርቆ ንጹሕ ከሆነ ቤንዚን አልደረሰውም። ከነጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሞቋል።

ሙቀት ሲነሣ እምቦጭ ሳይነሣ አይቀርም። ይህ አረም በጣና ላይ መስፋፋቱ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ለባለጀልባ ሌላ ጭንቅ ሆኗል። አውትቦርድ የሚቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚስበው ውሃ ነው። የውሃ መሳቢያው ቀዳዳ በአረም ሥር ሲደፈን ሞተሩ ይግላል። ብዙ ሞተሮች የሙቀት መቆጣጠሪያ ስላላቸው ሲዲአዩ እሳቱን እየቆረጠ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ነጂው ጋዝ ቢሰጥም ሞተሩ አይሰማውም፤ ሲያዩት የኤሌክትሪክ ብልሽት ይመስላል። የሚፈለገው ግን ሞተሩን አጥፍቶ ከውሃ ማንሣትና ሥሩን ነቅሎ ማጽዳት ነው። ሞተሩ ሲሠራ ከኋላው በቀጭኑ የሚፈስሰው ውሃ ከቆመ ወይም ከቀጠነ ምልክቱ እርሱ ነው።

ሞተሪኖው ዝም ሲል ደግሞ ጥያቄው ወደ ባትሪ ይዞራል። በመጀመሪያ ማርሹ ነጻ ላይ መሆኑ ይታያል፤ ማርሽ ውስጥ ከሆነ ሞተሪኖው እንዳይዞር ተደርጎ ተሠርቷል። ከዚያ ፊውዙ ይታያል። ባለ12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ በቴስተር 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12 ላይ ከወረደ ተራቁቷል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ደክሟል። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ካላሳየ ደግሞ ቻርጅ አያደርግም ማለት ነው። “ጠቅ” ብሎ ዝም የሚል ሞተሪኖ ግን ብዙ ጊዜ የሚለምነው ብርጭቆ ወረቀት ነው። የባትሪው ራስ ላይ የተጋገረውን ነጭ ዱቄትና ኔጌቲቩ ገመድ ከሞተሩ አካል ጋር በሚገናኝበት ብሎን ሥር ያለውን ዝገት ጠርጎ ማጥበቅ ይበቃል። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው ዝገቱ እንደ ባሕር ውሃ አይከፋም፤ እርጥበቱና ንዝረቱ ግን አይቀሩም።

ጥንቃቄም አለ። ኮፍያው ከካንዴላ ተነቅሎ በአየር ላይ እየተንጠለጠለ ገመድ መጎተት ሲዲአዩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ካንዴላው ሁልጊዜ የሞተሩን ብረት መንካት አለበት። እሳት የሚሞከረው ክፍት የቤንዚን ጄሪካን አጠገብ አይደለም። የባትሪውን ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አገላብጦ ማሰር የቻርጅ መቆጣጠሪያውን በቅጽበት ያበላሻል፤ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን መንቀልም ለእርሱ ጠላት ነው። እሳት እያለው ገመዱ ወደ ኋላ የሚመታ ሞተር ካጋጠመ ደግሞ ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የምትይዘው ትንሽ የብረት ቁልፍ ተቆርጣ እሳቱ ጊዜውን ስቶ ሊሆን ይችላል።

ነፋሱ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ የባሕር ዳር ጀልባዎች በጠዋት መነሣትን ይመርጣሉ። ሥራውን የሚያውቅ ነጂ ከመነሣቱ በፊት ከመቀመጫው ሥር ያለችውን ቆርቆሮ ይከፍታል። በውስጧ በደረቅ ጨርቅ የተጠቀለሉ ሁለት አዳዲስ ካንዴላዎች፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ፒንሳ፣ ጥቂት ፊውዞች፣ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀትና ሞተሪኖው እንቢ ቢል በቮላኖው ላይ የሚጠመጠም ገመድ አሉ። አያቸውና መልሶ ይዘጋታል። ትርፍዋን የማጥፊያ መያዣ በክር አስሮ አንገቱ ላይ ያደርጋታል፤ ዋናዋን በቦታዋ ገጥሞ ቀይዋን ገመድ በእጁ አንጓ ላይ ያስራል። ከዚያ ማርሹን ነጻ ላይ ያደርግና ገመዱን ይጎትታል።