የጉዞ ጓዳ በአንድ ሣጥን

ለቤተሰብ መዝናኛ ተብሎ የታቀደ የእሑድ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ሰው ዕረፍት ሆኖ አያውቅም። ያ ሰው እናት ናት። ሳምንቱን ሙሉ በመሥሪያ ቤትና በቤት ውስጥ ሥራ ተወጥራ የሰነበተች እናት ቅዳሜ ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሲኒ ስትቆጥር፣ ክብሪት ስትፈልግ ታመሻለች። በማግሥቱም ሌላው ቤተሰብ ተራራው ላይ ነፋስ ሲቀበል፣ እርሷ «ጨው የት ገባ? ቢላዋውን ማን ያዘው?» ስትል ትውላለች። ጓዳው ቦታ ለወጠ እንጂ የእርሷ ሥራ አልቀነሰም።

በየካ ክፍለ ከተማ ለሚኖር ቤተሰብ የእንጦጦ ተራራ ከደጁ የራቀ አይደለም። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከሾላም ሆነ ከኮተቤ ተነሥቶ ለአየር ለውጥ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። ለጸበል ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄዶ ቀናት የሚሰነብተውም ማብሰያውን ይዞ ነው። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ መናፈሻ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ልጆቻቸውን ይዘው የሚወጡ ቤተሰቦች በርክተዋል። ስለዚህ የጉዞ ዕቃን በሥርዓት ስለ መያዝ ጥቂት መነጋገር ይጠቅማል።

የእናቶቻችን ዘዴ

ስንቅን አደራጅቶ መጓዝ ለአገራችን ሴቶች እንግዳ ሙያ አይደለም። እንጦጦ ራሷ፣ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የዳግማዊ ምኒልክ መናገሻ ነበረች። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ በተደረገው ዘመቻም ሠራዊቱን ተከትለው እህል የፈጩ፣ ውሃ የቀዱና ወጥ የሠሩ ሴቶች ቁጥራቸው ብዙ ነበር። የመንገድ ስንቃችን በሶ፣ ጭኮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣና ዳቦ ቆሎ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። እርጥበታቸው አነስተኛ ስለሆነ ቶሎ አይበላሹም፣ ለመሸከምም አይከብዱም።

ለበሰለ ምግብ የተዘጋጀው ዕቃ አገልግል ነው። በአክርማና በስንደዶ ተሰፍቶ ከውጭ ቆዳ ይለብሳል፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል፣ በትከሻም ይንጠለጠላል። ውስጡ እንጀራ ተነጥፎበት ፍትፍት ይሞላበታል። ምግብም መያዣም በአንድነት ይጓዛሉ ማለት ነው።

በውሃ ላይ ሲሆን ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በጣና ሐይቅ ላይ የሚሄደው የደንገል ታንኳ ውሃ እየጠጣ ስለሚሄድ፣ ዕቃ እንዳይርስ ከፍ ተደርጎ መቀመጥና መታሰር አለበት። በሩቅ አገር በካናዳም በታንኳ የሚጓዙ ሰዎች የማብሰያ ዕቃቸውን «ዋኒጋን» በሚባል ክዳን ያለው የእንጨት ሣጥን ይይዛሉ። ታንኳው መሄድ በማይችልበት ቦታ ሣጥኑን ግንባር ላይ በሚያርፍ ጠፍር በጀርባቸው ይሸከሙታል። በሰፈሩበት ቦታ ሣጥኑ ሲከፈት ወጥ ቤቱ ተከፈተ ማለት ነው። ለእኛ ቤተሰብም የሚያስፈልገው ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ተሰናድቶ የሚቆይ አንድ ሣጥን።

ሣጥኑ እንዴት ይዘጋጅ?

አዲስ ሣጥን መግዛት ግዴታ አይደለም። ከጣውላ የተሠራ አሮጌ ሣጥን ወይም ክዳኑ በደንብ የሚገጥም ፕላስቲክ ይበቃል። ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ቁመቱ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ ለአምስት ወይም ለስድስት ሰው ዕቃ ይይዛል፣ ከአልጋ ሥርም ይገባል። በሁለቱ ጎን እጀታ ይኑረው፤ ሁለት ሰው እንዲይዘው እንጂ አንዲት እናት ብቻዋን እንድታነሣው አይደለም።

ከባዱ ዕቃ ከታች ይሁን። ድስትና ማንቆርቆሪያ ከታች ይቀመጡና በውስጣቸው ሳህንና ኩባያ ይግባባቸው። ጥላሸት የያዘ ድስት ሌላውን እንዳያበላሽ ከአቡጀዲ በተሰፋ ከረጢት ይከተት። ቢላዋ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ ይታሰር። ጨው፣ በርበሬ፣ ስኳርና የተቆላ ቡና ክዳናቸው በሚጠብቅ ትንንሽ ዕቃዎች ገብተው ስማቸው ይጻፍባቸው። ክብሪትም እንዲሁ እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ይቀመጥ። ሲኒዎቹን አንድ በአንድ በፎጣ መጠቅለል ሁለት ጥቅም አለው፤ ሲኒው አይሰበርም፣ ፎጣውም በኋላ ዕቃ ማድረቂያ ይሆናል። ጀበናዋ አንገቷ እንዳይሰበር በነጠላ ተጠቅልላ ከላይ ትቀመጥ። ሙቀጫ ግን ቤት ይቅር፤ ቡናው ተወቅጦ ይሂድ። ሳሙና፣ ስፖንጅና የቆሻሻ ከረጢት እንዳይረሱ።

ከክዳኑ ውስጥ የዕቃው ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ይለጠፍ። ይህ በየዕድራችን የምናውቀው አሠራር ነው፤ የዕድር ድስትና ሳህን ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል። በቤተሰብ ሣጥንም ቆጠራ ካለ ማንኪያ ተራራ ላይ አይቀርም።

ምግቡ ለብቻው

ምግብ ከከሰል፣ ከላምባና ከጋዝ ጋር በአንድ ሣጥን ፈጽሞ መቀመጥ የለበትም። ሽታው ብቻ ምግቡን ያበላሸዋል፤ ቢፈስ ደግሞ ለጤና አደገኛ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ የበሰለ ምግብ ማቀዝቀዣ በሌለበት ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ትኩስ የሚበላም ከ60 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይኑረው። ስለዚህ ለብ ያለ ወጥ ክዳኑ ጠብቆ እስከ ከሰዓት በኋላ መቆየቱ ለልጆች ሆድ አደጋ ነው። ለምሳ የተያዘ ወጥ እሳት ላይ ወጥቶ እስኪፈላ ድረስ ይሙቅ። ጥሬ ሥጋና ወተት ያለ በረዶ ባይያዙ ይመረጣል። አገልግሉን ከተጠቀሙበት በኋላ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ክዳኑ ተከፍቶ በጥላ ሥር ይናፈስ። ኃይለኛ ፀሐይ ቆዳውን ያደርቀውና ይሰነጥቀዋል።

ከዚህ ጋር መታወቅ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የእንጦጦ ከፍታ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ግድም ነው። ስለዚህ ሥጋም ሆነ ጥራጥሬ እዚያ ልቀቅል ያለ ሰው ብዙ ሰዓትና ብዙ ከሰል ይፈጅበታል። የሚበስለው ቤት ይብሰል፤ ለተራራው ማሞቅና ቡና ማፍላት ይበቃል።

እሳትና ደን

የእንጦጦ ደን አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። ቅጠሉ ዘይት ስላለበት በበጋ ወራት አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ትልቅ ቃጠሎ ልታስነሣ ትችላለች። እሳት በሚከለከልበት ቦታ ትኩስ ሻይና ቡና በፔርሙስ ይዞ መሄድ ነው። በሚፈቀድበትም ቦታ ምድጃው ቅጠል በሌለበት መሬት ላይ ይቀመጥ። ሲጨርሱ ፍሙ ላይ ውሃ እያፈሰሱ ማማሰል፣ አመዱ መቀዝቀዙን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይዞ መመለስ ያስፈልጋል።

ለጸበል ሄደው የሚያድሩ እህቶቻችን በተለይ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የተራራው ብርድ ከባድ ቢሆንም፣ የከሰል ምድጃ ወደ ድንኳን ወይም ወደተዘጋ ክፍል አስገብቶ መተኛት ሕይወት ያጠፋል። ከፍሙ የሚወጣው መርዘኛ ጋዝ ሽታም ቀለምም ስለሌለው የተኛን ሰው ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ለብርዱ ምድጃ ሳይሆን ተጨማሪ ጋቢና ብርድ ልብስ ይያዝ።

ሥራው የማን ነው?

ሣጥኑ ምንም ያህል ቢያምር፣ የሚያሰናዳውም የሚያጥበውም አሁንም እናት ብቻ ከሆነች ነገሩ ከንቱ ነው። የሣጥኑ ትልቁ ጥቅም ጓዳውን ለሁሉም ግልጽ ማድረጉ ነው። የዕቃው ቦታ በእናት ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ላይ ስለሰፈረ፣ ማንበብ የቻለ ልጅ ሁሉ ሊያሰናዳው ይችላል። አባት ዝርዝሩን ይመልከት፣ ይሸከም፣ ምድጃውን ያቀጣጥል። ትልልቆቹ ልጆች ዕቃ ይጠቡ፣ ትንንሾቹ ይቁጠሩ። ወንድ ልጅ ሲኒ ቢጠቀልል የሚቀንስበት ነገር የለም።

ከጉዞ መልስ ዕቃው የዚያኑ ዕለት ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ያለቀው ጨውና ክብሪት ተተክቶ ሣጥኑ ይዘጋ። የሚቀጥለው ጉዞ ግማሽ ሥራ ያን ጊዜ አለቀ ማለት ነው። ቅዳሜ ማታ የቀረው ምግቡን ማብሰል ብቻ ይሆናል፤ እሱንም ቢሆን ተጋግዞ መሥራት ይቻላል። ከእንጦጦ አናት ቁልቁል ከተማዋን እያዩ አንድ ስኒ ቡና ተረጋግቶ መጠጣት ለእናትም ይገባታልና።