ደረስጌ ማርያም፤ ለአንዱ ዘውድ ተሠርታ ሌላው የነገሠባት ቤተ ክርስቲያን

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው የወገራን የገብስ አገር አቋርጦ ዳባት ይደርሳል። ከዳባትም ዐለፍ ሲል ደባርቅን ያገኛል። ብዙው መንገደኛ ከዚያ የሊማሊሞን ቁልቁለት ወርዶ ወደ ትግራይ ይቀጥላል። ወደ ምሥራቅ የታጠፈውም ሳንቃ በርንና ጨነቅን አይቶ፥ ዋልያና ጭላዳ ከቀናውም ተመልክቶ ይመለሳል። የቧሂትን ከፍታ ተሻግሮ እስከ ጃናሞራ የሚወርደው ግን ጥቂት ነው። እኛ ዛሬ አንባቢያችንን ይዘን የምንሄደው ወደዚያ፥ ወደ ደረስጌ ማርያም ነው።

የደረስጌን ስም ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። «ዐፄ ቴዎድሮስ የት ነገሡ?» ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ መልሱ አንድ ቃል ነውና ለማስታወስ አያስቸግርም። ነገር ግን «ቤተ ክርስቲያኒቱን ማን አሠራት? ለምንስ አሠራት?» የተባለ እንደ ሆነ አፉን ሞልቶ የሚመልስ አይበዛም።

ያሠሯት ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ናቸው። ውቤ የስሜን ባላባት ልጅ ሲሆኑ፥ በዘመነ መሳፍንት ከአባታቸው አገር አልፈው ትግራይንም በሥልጣናቸው ሥር ያደረጉ ኃይለኛ መስፍን ነበሩ። ልባቸውም ከደጃዝማችነት በላይ ያስብ ነበር። ዘውድ ለመጫን ደግሞ ጦር ብቻ አይበቃም፤ ቀብቶ የሚያነግሥ ጳጳስ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1833 ዓ.ም. ወደ ግብፅ መልእክተኞች ልከው ጳጳስ አስመጡ። እኒህም አቡነ ሰላማ ናቸው።

ጳጳሱ ከመጡ በኋላ የቀረው የሚነግሡበት ቤተ ክርስቲያን ነበረ። ለዚሁ ደረስጌን መረጡ። በሥራው ላይ ቪልሄልም ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ አገለገላቸው። ይህ ሰው በ1829 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የመጣው ዕፅዋት ለመሰብሰብ ነበር። ከመጣም በኋላ አገሩን አገሬ ብሎ ኖሮ በ1871 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ሞተ። የዕፅዋት ትምህርት የሚያጠና ተማሪ መጽሐፉን ቢገልጥ የሺምፐርን ስም በብዙ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ሳይንሳዊ መጠሪያ ላይ ያገኘዋል። ቤተ ክርስቲያኒቱ እንደ ደጋው አገር ልማድ ክብ ሆና፥ ቅኔ ማኅሌት፥ ቅድስትና መቅደስ ተለይተው ተሠራች። የመቅደሷም ግድግዳ በሥዕል ተሸለመ።

እንግዲህ ጳጳሱ መጥቷል፤ ቤቱም ቆሟል። ከቋራ የተነሣው ካሣ ኃይሉ ግን መስፍኑን ሁሉ በየተራ እያሸነፈ ወደ ስሜን ወጣ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ሁለቱ ሠራዊት እዚያው ደረስጌ አጠገብ ገጠሙ። ድሉ የካሣ ሆነ፤ ውቤ ተማረኩ። የካቲት 5 ቀን ካሣ «ቴዎድሮስ ዳግማዊ፥ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ተብለው በደረስጌ ማርያም ነገሡ። የቀቧቸውም ውቤ ከግብፅ ያስመጧቸው አቡነ ሰላማ ነበሩ። ውቤ ያሰናዱት ድግስ ሁሉ በሌላ ሰው ስም ተበላ።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እቴጌ ተዋበች ካረፉ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ የውቤን ልጅ ወይዘሮ ጥሩወርቅን አገቡ። በ1853 ዓ.ም. ልዑል ዓለማየሁ ተወለደ። የአሸናፊውና የተሸናፊው ደም በአንድ ሕፃን ተገናኘ።

በአገራችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራ ሰው ከሞተ በኋላ በዚያው ግቢ፥ በጽዱና በወይራው ጥላ ሥር ማረፍን፥ ልጆቹም ከጎኑ ማረፋቸውን ይመኛል። ደብር ለቆመው መጸለያ፥ ለሞተው ማረፊያ ነው። እስቲ የደረስጌን ቤተሰብ በዚህ ዓይን እንመልከተው።

ደጃዝማች ውቤ የቴዎድሮስ ምርኮኛ እንደ ሆኑ በ1859 ዓ.ም. ሞቱ። በማግሥቱ ዓመት፥ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ራሳቸውን ገደሉ፤ እዚያው በመቅደላ መድኃኔ ዓለም ተቀበሩ። እቴጌ ጥሩወርቅ ከእንግሊዞቹ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር ታመው በመንገድ ላይ ዐረፉ፤ መቃብራቸውም ትግራይ ውስጥ ጨለቆት ሥላሴ ሆነ። አባትና እናቱን በአንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ ያጣው የሰባት ዓመቱ ዓለማየሁ ባሕር ተሻግሮ ተወሰደ። በኅዳር 1872 ዓ.ም. በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ሊድስ በተባለ የእንግሊዝ ከተማ ሞተ፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ፈቃድ በዊንዘር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

የልዑሉ ዐፅም ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ በ1999 ዓ.ም. በፕሬዝዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ስም ጠይቃለች። በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የተሰጠው ቃል ግን «በአካባቢው ያረፉትን የሌሎች ብዙ ሰዎች ዐፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም» የሚል ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ፥ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከራሱ ተቆርጦ የኖረ የጸጉር ዘለላ ለንደን ላይ ለኢትዮጵያውያን ተሰጠ። ከአንድ መቶ አምሳ ዓመት በላይ ከቈየው ልጅ ለወገኖቹ የተመለሰው ይኸው ነው።

ዓለማየሁ ሲነሣ የምናነሣው የአባቱን ስም ነው፤ መቅደላም ይከተላል። የእናቱ አባት ግን ስሜን ላይ ደብር ያሠሩ ውቤ ናቸው። ስለዚህ የዊንዘሩ መቃብር የመቅደላ ብቻ ሳይሆን የደረስጌም ጉዳይ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ለሥራ ደባርቅ ወይም ዳባት የተመደብህ እንደ ሆነ፥ ወይም ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ስሜን የምትወጣ ከሆነ፥ ከዋልያው በኋላ አንድ ቀን ጨምረህ ቧሂትን ተሻገር። ደጀ ሰላሙን ስትሳለም ዘውድ የጫኑትን ብቻ አታስብ፤ ቤቱን ሠርተው ያልነገሡበትንና በባዕድ አገር የቀረውን የልጅ ልጃቸውን ጭምር አስባቸው።